ጭስ የሌለው ማገዶ

ማሽኑ ከውጭ ሲመጣ የከብት መኖ እንዲጨምቅ ነበር የታሰበው። ለየትኛው እርባታ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ስለጠፋ ናዝሬት ግምጃ ቤት ውስጥ ቆሞ ይዝግ ጀመር። እኔ ቡልጋሪያ የደን ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ለምኜ አስወጣሁትና አርሲ ነገሌ አስተከልኩት።

ከነገሌ በላይ ባለው የፈረንጅ ጥድ ደን ዛፉ እንዲሳሳ በተቆረጠ ቁጥር ቅርንጫፉ እዚያው ተጥሎ ይደርቃል። ባለፈው በጋ አንድ ሙሉ ኮረብታ ነድዶ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ቅጠል ይዞ ሲያጠፋ ሰንብቷል። የእኔ ሐሳብ ደረቁን ሰብስቦ፣ ፈጭቶና ጨምቆ የጣት አንጓ የሚያህል ድፍን ማገዶ ማድረግ ነበር። ደኑ ከእሳት ይድናል፣ ከተማው ማገዶ ያገኛል። ወረቀት ላይ አንድም እንከን አልነበረውም፤ ይህ ራሱ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ስሙን «እምቅ ማገዶ» አልኩት። ነገሌዎች አንዴ ዘግነው አዩትና «የመንግሥት በጠጥ» አሉት። እውነት ለመናገር፣ መልኩም መጠኑም ከፍየል የወጣ ይመስላል። ስሙን እንኳ በቻልኩት። የከሰል ምድጃ ላይ ሲያደርጉት በቀዳዳው ሾልኮ ይወድቃል፤ ሦስት ጉልቻ መካከል ሲያደርጉት ታፍኖ ይጠፋል። ከሥሩ በተበሳሳ ቆርቆሮ አዲስ ምድጃ ሠርቼ ገበያ መሀል አሳየሁ። ሴቶቹ በትዕግሥት ተመለከቱኝ። አንዷ ባሕር የተሻገርኩት ለዚህ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ናዝሬት ያሉት አለቃዬ ጓድ አብተው በበኩላቸው አሳጥረው ነገሩኝ። እስከ ገና ተጠቃሚ ካልተገኘለት ማሽኑ ተነቅሎ ወደ ግምጃ ቤቱ ይመለሳል። ቅርንጫፉ ደግሞ ባለበት ሆኖ የሚቀጥለውን እሳት ይጠብቃል ማለት ነው።

ኅዳር ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ሴቶች ጆንያ ይዘው ደጄ ላይ ተሰለፉ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ወይዘሮ እልፍነሽ ራሳቸው የፈረስ ጋሪ ይዘው መጥተው፣ ሙሉ ጭነው፣ ነገም እንዲዘጋጅላቸው አዝዘው ሄዱ። እኔ ደስ ሲለኝ ቶሎ የምጠራጠር ሰው ነኝ። ጋሪውን ተከትዬ ግቢያቸው ገባሁ።

ጓሮው ውስጥ በርሜሎች ተደርድረዋል። ከየበርሜሉ የወጣ ቱቦ በውሃ ገንዳ አልፎ ጀሪካን ውስጥ ይንጠባጠባል። ከየበርሜሉ ሥር ደግሞ ገበያ መሀል ያሳየሁት ምድጃ፣ በትልቁ ተሠርቶ፣ በእኔ በጠጥ ይነዳል። ሽታውን ለመለየት ቡልጋሪያ መማር አያስፈልግም። አረቄ ነበር።

ነገሌ ውስጥ አረቄ ማውጣት ማንንም አያስገርምም። በዚያ ዓመት ግን ድርቁ ገና ከሰው አፍ ስላልወጣ፣ እህል አረቄ ላይ ማዋል በወረዳው ተከልክሎ ነበር። የወረዳው ጠባቂዎች በየመንደሩ ሲዞሩ ቀና ብለው ጭስ ይፈልጋሉ፤ ጭስ ካዩ ገብተው በርሜሉን ይወርሳሉ። የእኔ ማገዶ ደግሞ አያጨስም።

«ጭሱን እንዴት እንዳጠፋኸው እንጃ ልጄ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ። «ብቻ በጸሎታችን አንተን የማታነሳ ሴት የለችም።»

ጸሎቱ መልስ ያገኘ መሰለኝ፤ በሳምንቱ ጓድ አብተው ተጠቃሚዎቹን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ሮጬ ወይዘሮ እልፍነሽ ዘንድ ሄድኩ። በርሜሎቹን ለአንድ ቀን ደብቀው ዳቦ ሲጋግሩ ቢታዩ ምን አለበት ብዬ ለመንኩ። አንድ ማኅበር ሻሸመኔን ሁሉ ዳቦ ካላበላ በቀር ይህን ያህል ጆንያ ማገዶ እንደማይጨርስ ነገሩኝ። ልክ ነበሩ። ተስፋ ቆርጬ፣ እንግዲያው የባትሪ ውሃ እናጣራለን በሏቸው፣ ከዚህ ዕቃ ከአረቄ ሌላ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው አልኩ። የምሬት ቀልድ ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ጓድ አብተው ሲደርሱ ሴቶቹ የማኅበሩን ካኪ ለብሰው ቆመዋል። በርሜሎቹ ታጥበው ንጹሕ ውሃ ተሞልተዋል። በሩ ላይ «የሴቶች ማኅበር የባትሪ ውሃ ማምረቻ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። ጓድ አብተው አንዱ ቱቦ ሥር ጎንበስ ብለው ጠብታውን አዩ፤ ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል። ናዝሬት ውስጥ በባትሪ ውሃ እጦት የቆመውን መኪና ብዛት ያስረዱን ጀመር። ከዚያም ሹፌራቸውን ሰንበታን ጠርተው፣ የላንድሮቨራቸው ባትሪ ከዚሁ ውሃ እንዲሞላ አዘዙ።

አንዷ ሴት ደንግጣ አጠገቧ ካለው ክምር አንድ ጀሪካን አንስታ ሰጠችው። አረቄም የተጣራ ውሃም በጀሪካን ውስጥ አንድ ናቸው። ሰንበታ ክዳኑን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ወደ እኔ አየ። በዚያች ቅጽበት ማሽኑ ተነቅሎ መኪና ላይ ሲጫን ታየኝ።

«ጓድ» አለ ሰንበታ፣ ከልቡ በመነጨ አክብሮት፣ «ይህ ባትሪ እንዲህ ያለ ውሃ አግኝቶ አያውቅም።»

ጀሪካኑን ይዞ የመኪናውን የሞተር ክዳን ከፍቶ ከክዳኑ ኋላ ተሰወረ። ጓድ አብተው ስለ ምርት ሲያወሩ ቆይተው ወደዚያ ዞሩና እስካሁን አልሞላም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

«ይህን ያህል ደርቆ ነበር?»

«ችሎ ነው እንጂ ጓድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል።»

ጥቂት ቆይቶ ከተከፈተው ክዳን ሥር በኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ይሰማ ጀመር። ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ የባትሪ አሲድ ሽታ ሰው እንደሚያዞር፣ በውጭ አገርም የታወቀ ነገር እንደሆነ በዝርዝር አስረዳሁ። ጓድ አብተው ሲሰሙኝ ቆይተው ሰንበታን ከኋላ አስቀመጡትና መሪውን ራሳቸው ያዙ። ከመነሳታቸው በፊት ግን አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወሰኑ። ማኅበሩ ለናዝሬት ጋራዦች በየወሩ የባትሪ ውሃ እስካቀረበ ድረስ ማሽኑን የሚነካው የለም።

መኪናው ወደ ቡልቡላ አቅጣጫ ሲርቅ ካኪ የለበሱት ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውሃ አፍልቼ መልሼ ውሃ ላድርግ?»

ክርክሩ እስከ ማግስቱ ዘለቀ። በመጨረሻ ከፊት ያሉት በርሜሎች ለመንግሥት ውሃ፣ ከኋላ ያሉት ለማኅበሩ እንዲሆኑ ተስማሙ። ጠባቂዎቹም ካርቶኑን እያነበቡ አክብረው ያልፉ ጀመር። እኔ ምንም ያልሰማ መምሰልን መረጥኩ፤ ከመረጥኩ በኋላም ደጋግሜ ተጠራጠርኩ።

የመጀመሪያውን ጭነት የወሰደው ሰንበታ ነበር። በወሩ ሲመለስ «አካም ጅርቱ» ብሎ ሁሉንም ሰላም አለና ጓድ አብተው የላኩትን መልእክት እጁን አጣምሮ ተናገረ።

«ውሃው ጥሩ ነው ብለዋል። ጋራዦቹ አመስግነዋል። ሦስተኛው ጀሪካን ግን ጋራዥ አልገባም፤ ለቢሮ ቀርቷል። በሚመጣው ወር እንደ ሦስተኛው ያለው ሁለት ይሁን ብለዋል።»

ወይዘሮ እልፍነሽን አየኋቸው። እሳቸው የሻሻቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

«የትኛው ነው ሦስተኛው?» አልኩ።

«ማሽንህ» አሉኝ፣ «ማታ ማታም መሥራት ይችላል?»

ይችላል አልኩ። በማግስቱ ጋሪዎች ተከራይቼ ወደ ደኑ ወጣሁ። የጥር ነፋስ ተነስቷል፤ ከእግራችን ሥር ያልተነሳው ቅርንጫፍ ገና ብዙ ነበር።