ሂቲንጉን ማን ከፈተው

ኦርጋን ሲባል ፒያኖ መሰላችሁ? ተሳስታችኋል። የትልልቅ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ቤት ነው። ውስጡ መሰላልና መተላለፊያ አለው፤ ከእርሳስ ከማይረዝም ቧንቧ ጀምሮ የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡስ እስከሚያህል ድረስ በሺህ የሚቆጠር ቧንቧ ይቆምበታል። ያ ሁሉ ቧንቧ ግን ከሥሩ ሆኖ ነፋሱን የሚያከፋፍልለት የእንጨት ሳጥን ከሌለው ለቆርቆሮ ሻጭ ካልሆነ ለማንም አይረባም። ለንደን፣ ስቶክዌል በሚገኘው የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ለተተከለው አዲስ ኦርጋን ሳጥኑን የሠራችው የወይዘሮ አልታየሽ ልጅ ኂሩት ናት። ንድፉን ራሷ ነደፈች፣ እንጨቱን ራሷ መረጠች፤ ክላፋም ያለው ወርክሾፕ ውስጥ ስትልግና ስትገጥም ሁለት ክረምት አለፈባት። አለቃዋ ግራሃም ምስጋና ከአፉ በመከራ የሚወጣ ሽማግሌ ነው። ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑን ዳብሶ ዳብሶ «ይሁን» አላት። ከግራሃም አፍ «ይሁን» ማግኘት ሽልማት ነው።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የኛም ሰዎች ይቀድሳሉ። በየሰው አዳራሽ ስንት ዓመት ተንከራተው፣ ስንት ደጅ ጠንተው ያገኙት ቦታ ነው፤ እሑድ ከሌሊት ጀምሮ እንግሊዞቹ እስኪገቡ ድረስ የኛ ነው። ኦርጋኑ ሲተከል የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ማርቲን አንድ ሕግ አመጣ። ሂቲንጉ፣ ማለት የቤቱ ማሞቂያ፣ ከአሥራ ስድስት ዲግሪ አይለፍ፣ ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ካለፈ ግን ከፋሲካ በፊት ትወጣላችሁ። የኛዎቹ ሽማግሌዎች እሺ ብለው ፈረሙ። እሺ ማለት ምን ችግር አለው? ችግሩ የለንደንን የካቲት በድንጋይ ወለል ላይ በባዶ እግር ሲቆሙት ነው፤ የኛ ሰው ደግሞ ጫማውን ሳያወልቅ መቅደስ አይገባም።

ያ ሰኞ ጠዋት ኦርጋኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ድምፁ የሚሞከርበት ነበር። ማርቲን እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ግራሃም መጫወቻው ፊት ተቀመጠ። ኂሩት ነፋስ የሚነፋውን ሞተር አስነሥታ ሳጥኗ አጠገብ ቆመች። ግራሃም አንድ ጣቱን አሳረፈ።

ድምፁ ወጣ። አጠገቡ ያለው፣ ማንም ያልነካው ቧንቧም አብሮት ሲጥ አለ።

ግራሃም ጣቱን አነሣ፤ ደግሞ አሳረፈ። ያው ነው። ኂሩት ተንበርክካ የሳጥኑን ክዳን ፈታች፣ ባትሪ አበራች፤ አየችው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ናት። ነፋሱ በእሷ በኩል ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤቱ እየሾለከ ነው።

ግራሃም ከኋላዋ ጎንበስ አለ። «እንጨቱ በደንብ ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር።»

«ኮላውስ?»

«ኮላውም ይዟል።»

«እንግዲያው ወይ ያንቺ እጅ ነው፣ ወይ ሙቀት ነው» አለና ወደ ማርቲን ዞረ።

ሙቀት ነው። ኂሩት ታውቃለች። ትናንት ቅዳሴ ላይ እናቷ አጠገብ ቆማ እግሯ ሲሞቃት፣ ካፖርቷን ስታወልቅ፣ ደስ ብሏት ነበር። ሳጥኗ ከፊቷ ነው፤ የሂቲንጉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለም ታውቃለች፤ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ኀፍረቱ ፊቷን አነደደው።

ይኼኔ ነው ወይዘሮ አልታየሽ በጎን በር የገቡት። ሰኞ ሰኞ ወለሉ ላይ የተንጠባጠበውን ሻማ ሊፍቁ ይመጣሉ።

«እናትሽን ጠይቂልኝ» አለ ማርቲን። «ሂቲንጉን ከፍ ያደረገ ሰው አለ?»

የወይዘሮ አልታየሽ እንግሊዝኛ ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ኂሩት ከልጅነቷ ጀምሮ አፋቸው እሷ ናት፤ ሐኪሙ ጂፒ ዘንድ እሷ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ካውንስል እሷ፣ ሥራ ማፈላለጊያው ጆብ ሴንተር እሷ። «በእርግጥ እንዲህ ብሏል?» ብለው አንድም ቀን ጠይቀዋት አያውቁም።

«እማዬ፣ ሂቲንጉን ከፍ ያደረገ ሰው አለ ወይ ይልሻል።»

«እኔ ነኛ» አሉ ወይዘሮ አልታየሽ። «ቅዳሜ ማታ እከፍተዋለሁ። እማማ ፋንታዬ እግራቸው በብርድ እየጠቆረ ቆመው ሲያስቀድሱ እያየሁ ምን ላድርግ? ንገሪው።»

ኂሩት ወደ ማርቲን ዞረች። «ማንም አልነካውም ትላለች» አለች በእንግሊዝኛ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጨመረችበት። «ጥፋቱ የኔ ነው። ኮላው ሳይደርቅ ቸኩዬ ገጠምኩት።»

ግራሃም ትክ ብሎ አያት። ያንን ሳጥን በእጁ የዳበሰ ሰው ነው፤ እንዳልቸኮለች ያውቃል። ግን የሳጥኑን ክዳን አንሥቶ መልሶ ገጠመው። ማርቲን የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ፤ ፊቱም ፈታ አለ።

ወይዘሮ አልታየሽ ሞኝ አይደሉም። አጥፍቻለሁ ብለው የላኩበት ሰው ፊቱ ሲፈታ አዩ። «ምን አልሽው?»

«ተይው፣ እማዬ።»

«እኔ ነኝ ብዬሽ አይደለችም አልሽው?»

«ያስወጡናል እኮ! ሁላችንንም ነው የሚያስወጡን።»

«ያስወጡና! ቤተ እግዚአብሔር ውስጥ ቆመሽ በኔ አፍ ትዋሻለሽ?»

ከዚያ ማርቲን ፊት ሄደው ደረታቸውን መቱ። «የስ። ሂቲንግ፣ ሚ» አሉት። እንዳልገባው ሲመስላቸው የሂቲንጉን ቁልፍ ከቦርሳቸው አውጥተው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

ማርቲን ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ይረገምና ይገላገሉት ነበር። ቁልፉን መዳፉ ላይ አገላበጠው። «ውሉ የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ነው፤ እኔ ልለውጠው አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ፋሲካን እዚህ አታከብሩም። ኂሩት፣ ይኼን በትክክል ንገሪያት።»

ኂሩት ነገረቻቸው። ቃል በቃል፣ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ ነገረቻቸው። 

ወይዘሮ አልታየሽ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ዓይን ዓይኗን አዩአት።

«አሁን ያልሽኝ እውነቱን ነው?»

«እውነቱን ነው፣ እማዬ።»

እሳቸው ግን እሷን አልፈው ወደ ማርቲን ዞሩ። በጣታቸው ወለሉን ጠቆሙ።

«ኢስተር… ኖ?»

«ኖ» አላቸው ማርቲን።

ያኔ አመኑ።