መጠቅጠቂያና ኦቾሎኒ

ጡብ ማምረቻ ውስጥ ልል መሬት ነውር ነው። ጥሬ ጡብ ልል መሬት ላይ ከተሰጣ ሆዱ ይጎብጣል፤ ጋሪ ልል መሬት ላይ ከሄደ ይሰምጣል፤ ሠራተኛ ልል መሬት ላይ ከቆመ ደግሞ ጋሼ ጠቅጥቅ ያየዋል። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ የመጨረሻው ነው።

ጋሼ ጠቅጥቅ ፎርማናችን ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፉ የምትወጣው ትእዛዝ አንዲት ብቻ ስለሆነች እሷኑ ስም አደረግንለት። መጠቅጠቂያው እጀታው የብረት ቧንቧ፣ እግሩ ሲሚንቶ የተሞላ ባልዲ ነው። አንድ ቀን ከእጁ አምልጦ ቢወድቅ የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ገንፍሎ ፈሰሰ ይባላል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ግን እስካሁን ያስተባበለኝ ሰው የለም።

አክስቴ እዚያው ማምረቻ ጥሬ ጡብ ታገላብጣለች። ፀሐይ የጡቡን አንድ ጎን ስታደርቀው በሌላው ማዞር ነው ሥራዋ። ከሥራ ስንወጣ ደግሞ እኛን ታገላብጣለች፤ የሠራተኛውን ወገብ በኦቾሎኒ ዘይት ታሻለች ማለቴ ነው። ዘይቱን የምትጨምቀው ከእናቷ ከወረሰችው ዘር ነው። ፍሬው ደቃቃ፣ ልባሱ ወደ ጥቁረት የሚሄድ ቀይ፣ ገበያ ቢዞሩ የማይገኝ። የገበያው ኦቾሎኒ ለጥርስ ነው፣ የእናቴ ግን ለአጥንት ነው ትላለች። ዘይቱ ሞቅ ተደርጎ ወገብ ይታሽበታል፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ ይቀባበታል። የቀዩ ልባስ ፍል ሆዱ ለተበላሸ ሰው ይሰጣል። ፍሬው ተቀቅሎ ለአራስ ይቀርባል፣ ወተት ያመጣል ተብሎ። እኔ ለዚህ ሁሉ ዋስ አልሆንም። ትምህርት ቤቱን የተውኩት ስለ ዕፅዋት ልንጀምር ስንል ስለሆነ ሥሩን ሳላውቅ ቅጠሉን ነው የማወራው። የማውቀው ጋሼ ጠቅጥቅ በእጁም በእግሩም እየዳኸ ቤቷ ገብቶ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ማየቴን ነው።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የጓሮ መደቧን ከነኦቾሎኒው ይዞባት ሄደ። የተረፈው ዘር አንድ የወተት ጣሳ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር። ጣሳው ጎኑ ላይ ተመትቶ የጎደጎደ ቦታ አለው፤ ፍሬው እዚያ ጉድጓድ ድረስ ይደርሳል። አታስቀምጪውም ወይ ብንላት፣ ኦቾሎኒ ዘይቱ ሲበላሽ ዘሩም አብሮ ይሞታል፣ ዓመት አልፎ ዓመት አይጠብቅም አለችን። የቀጨጩትን ለይታ ልትወልድ ለደረሰችው ልጇ አስቀመጠች። የቀረውን በሙሉ ከጡብ መተኮሻው ምድጃ ጀርባ ባለው ቁራሽ መሬት ላይ ዘራችው። ይሄ ካልያዘ የእናቴ ዘር እዚህ ላይ አበቃ አለች፤ ሁላችንም ሰማን።

መሬቱን ቆፍራ፣ ጓሉን ፈርክሳ፣ እንደ ዱቄት አድርጋው ነበር። ጋሼ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። እርቃኑን የቆመ ሰው ያየ ነው የሚመስለው።

ቡቃያው ብቅ ብሎ ቅጠሉን ሲዘረጋ ልጇ ወለደች የሚል ወሬ መጣ። አክስቴ ጓዟን ጠቅልላ ልታርሳት ሄደች። ውሃ አጠጡልኝ፣ አረሙን ንቀሉልኝ ብላ አደራ አለችን። አትጠቅጥቁብኝ አላለችም። እንዴት ትላለች? እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን እንዳትበላ ይባላል እንዴ?

አደራ በላ ላለመባል በጠዋት ገባንበት። አረሙ ተነቀለ። ማሳው ውሃ ጠጣ። ከዚያ ጋሼ ወገቡን ይዞ ማሳውን ሲመለከት ቆየና፣ ይህቺ ሴትዮ ስታሸን ኖራ እኛ መሬቷን እንዲህ ዝርክርክ አድርገን ልንጠብቃት ነው ወይ አለ። መጠቅጠቂያውን አመጣ። በየግንዱ ዙሪያ ቅጠል ሳይነካ ጠቀጠቀ፣ ውሃ ረጨ፣ እንደገና ጠቀጠቀ፣ በመጨረሻም በጣውላ አለሰለሰው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። እኔም ጣውላውን ይዤለታለሁ። ፀሐዩ ሲያገኘው ማሳው የሳሎን ወለል ሆነ፤ ዝንብ ስታርፍበት አንሸራትቷት ወደቀች።

ተክሉ ግን ለመለመ። ማታ ማታ ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲታጠፍ ጋሼ፣ ተክሉ ታመመ ብሎ ተጨነቀ። ተኝቶ ነው አልኩት፤ ይሄ እውነት ነው። ከተቀሰቀሰ ይቆጣል ያልኩት ጭማሪ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጀንበር ስትጠልቅ በማሳው በኩል የሚያልፈው በጫማው ጫፍ ነው።

ከዚያ አበባው መጣ፤ ቢጫ፣ ትንሽ፣ ጠዋት ፈክቶ ፀሐይ ሲበረታ የሚጠወልግ። ጋሼ ቅርንጫፉን እየገለጠ ፍሬ ይፈልጋል፣ ፍሬ የለም። ሰውዬው ሲያሳዝነኝ ከሱቅ ከነገለባው የተቆላ ኦቾሎኒ ገዛሁና በአረንጓዴ ክር ቅርንጫፉ ላይ አሰርኩለት። በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። አንዱ ቀምሶ ይሄማ የተቆላ ነው ቢለው ጋሼ አልደነገጠም። ለምድጃው ስለቀረበ ነው አለ።

አክስቴ የተመለሰች ቀን ጓዟን ከጀርባዋ ሳታወርድ ነው ጋሼ እየመራ ወደ ማሳው የወሰዳት። እኛም ምስጋና ሲታደል እንዳያመልጠን ተከተልን። የተንጠለጠለውን ኦቾሎኒ አሳያት። አንዱን በጠሰች፣ ሰብራ ቀመሰች፣ ክሩን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው። ያየችው እሱን ሳይሆን እኔን ነው።

«ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። ወደ ጋሼ ዞረች። «አንተ ግን ኦቾሎኒ የት እንደሚያፈራ ታውቃለህ?»

ጋሼ ጥያቄው አልገባውም። እዚሁ ነዋ፣ እያየሽው አላት።

ተንበርክካ ቅርንጫፉን ወደ ላይ ገለጠችው። ከቅርንጫፉ ብዙ ቀጫጭን መርፌ የሚመስል ነገር ወደ ታች ወርዷል። ግማሹ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ግማሹ ወለሉን ነክቶ፣ መግቢያ አጥቶ፣ ጫፉ ጠቁሮ ደርቋል። አክስቴ መሬቱን በጥፍሯ ጫን አደረገችው። የተሰበረው ጥፍሯ ነው።

«መሬቴን ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ጋሼ፤ ድምፁ ውስጥ ገና ኩራት ነበር። «በገዛ እጄ። እንደ ማድረቂያው ሜዳ አድርጌልሽ።»

እንደምትጮህ ጠብቀን ነበር፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። ጓዟን እንዳዘለች መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ ነገረችን። አበባው ሲረግፍ ከነበረበት ቦታ መርፌ ይወጣል። መርፌው ጫፉ ላይ ልጁን ይዞ ወደ መሬት ይወርዳል፣ አፈር ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ጨለማው ውስጥ አብጦ ኦቾሎኒ ይሆናል። ያበበው ከላይ፣ የሚያፈራው ከታች። አፈር ያላገኘ መርፌ መርፌ ሆኖ ይቀራል።

ማንም አልሳቀም። እኔም ሳይቀር።

አንዱ ዶማ ላምጣ አለ። ሥሩንም መርፌውንም ትቆርጠዋለህ አለችው። ሌላው ውሃ አፈሰሰበት፤ ውሃው ሳህን ላይ እንደፈሰሰ ቆሞ ቀረ፣ የጋሼ ሥራ እኮ ነው። ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ የገዛ ወለሉ አጠገብ ተንበረከከ። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው፤ ቀጥሎ የተናገረውን ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር።

«መርፌው ወደ መሬቱ መግባት ካቃተው፣ መሬቱን ወደ መርፌው እናውጣለት።»

«በምን?»

«ጭቃው እንዳይጣበቅ የጡቡ ቅርጽ ላይ የምንነሰንሰው አሸዋ አለ። በወንፊት ያለፈ ነው።»

አክስቴ አሰበችበት። አሸዋው ብቻውን ቶሎ ይደርቃል፣ ከጥቁር አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይሁን አለች። የደረቀው መርፌ አይመለስም፣ አዲስ የሚወርደውም ይግባ አይግባ አላውቅም አለች። ከዚህ በፊት የኦቾሎኒ ማሳ የጠቀጠቀ ሰው ስላላጋጠማት መድኃኒቱንም አታውቀውም።

የዚያን ቀን ጡብ አልተመታም። አፈሩን ከአሸዋው ጋር ነፋን፣ በጋሪ አመላለስን፣ በየቅርንጫፉ ሥር በእጃችን እያስገባን ከፍ አደረግነው። ጋሼ ከሁላችንም በላይ ደከመ። ችግሩ መዳፉ ነው። አፈሩን በልስላሴ ያፈሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ መዳፉ በራሷ ጊዜ መታ ልታደርገው ትወርዳለች።

«እጅህን» ትለዋለች አክስቴ።

ያነሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ትወርዳለች።

«እጅህን!»

ማሳውን ዞረን እስክንጨርስ በመካከላቸው ሌላ ወሬ አልነበረም።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አክስቴ በመንሽ ነቀለችው። ብዙው ግንድ ባዶውን ወጣ፤ ደረቅ መርፌ እንደ ጢም የተንጠለጠለበት። ከአሸዋው ውስጥ ግን አልፎ አልፎ ገለባ ያለው ነገር ብቅ አለ። ጆሮዋ ላይ ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። ጋሼ ደስ ብሎት ቶሎ እንዲደርቅ ምድጃው ላይ እናስጣው አለ።

«የተቆላ ዘር የሚበቅለው ያንተ ማሳ ላይ ብቻ ነው» አለችው።

በጥላ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ነው የደረቀው። ሻጋታ የነካውን ለይታ ጣለች፤ የሻገተ ኦቾሎኒ መርዝ ነው፣ ለዶሮም አይሰጥም አለች። የቀረውን ፈልፍላ ወደዚያው ጣሳ ስትጨምር ሁላችንም በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ፍሬው ወደ ተጎደጎደው ቦታ ተጠጋ። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፤ ፍሬው ዝቅ አለ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። መጠቅጠቅ ምን እንደሚያደርግ ያኔ የገባው ይመስለኛል። አክስቴ እስከ ጎደጎደው ቦታ የጎደለውን በጣቷ ለካችው፤ አንድ ጣት ብቻ ነው።

«ለዘር ትሆናለች» አለች፣ ክዳኑንም ገጠመችው።

ሰው መተንፈስ ጀመረ። ጋሼ ግን አልሄደም። አሸዋውን ሲሸከም ወገቡ ዳግመኛ ተይዟል፤ በሩን ተደግፎ፣ ለዘይት የምትሆን ትንሽ ነገር አትተርፍም ወይ ብሎ ጠየቀ።

አክስቴ ጣሳውን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው።

«የዘንድሮውን ወገብህን» አለችው፣ «ለከርሞ አቆየው።»

ዘንድሮ ዘሩ ተመልሶ መሬት ገብቷል። ጋሼ በማሳው ዙሪያ በስባሪ ጡብ አጥር ሠርቶበታል፤ ውሻ እንኳ ሲያልፍ ተቆጥቶ ይመልሳል። አንዳንዴ ሰው የማያየው ሲመስለው ጎንበስ ይልና ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይከታል። ጣቱ እስከ ሥሩ ይገባል። ከዚያ ቀና ለማለት ሲል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ብዙ ይቆያል።