የ«ገጽ ለገጽ» ብቸኛ አንባቢ

ማርሌኒ ኦሳ በከተማችን በቪያ አምፓሮ፣ አደባባዩ ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። የከተማችን ደራሲ ሁሉ ጽሑፉን የሚያባዛው እሷ ጋ ስለሆነ፣ ማን ምን እንደጻፈ ከእሷ የተሰወረ የለም። የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ኤቬሊዮ ግጥም ይጽፋል፤ የሚያነበውም ታካሚው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ነው። እማሆይ ብላንካ ገዳም ተቀምጠው የወንጀል ልቦለድ ይጽፋሉ። በሁሉም ልቦለዶቻቸው ውስጥ የሚገደለው ቄስ ነው፤ የአጥቢያችን ቄስም እማሆይ የቀዱትን ነገር ከቀመሱ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ ጊልዳርዶ እባላለሁ፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ከተማችን አመሠራረት ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አራት መቶ ገጽ ግድም ደርሻለሁ፣ መሥራቾቹ ግን ገና ተራራውን አልወጡም።

አንድ ቀን ማርሌኒ የእኔን ወረቀት እያባዛች ማሽኑ ሲግልባት ቆም አለች።

«ጊልዳርዶ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ይኼን ሁሉ ማን ያነበዋል?»

«መጪው ትውልድ።»

«የቱ ትውልድ? ያንተ ተማሪዎች እንደሆኑ የፈተናውን ጥያቄ እንኳ አያነቡም።»

ነገሩ ግን ከነከናት። ያን ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ ደንበኛ አይመጣም፤ እሷ ከኮምፒውተሯ ሥር አልነሳ አለች። ድረ ገጽ መሥራት ከኢንተርኔት ላይ ተማረችና ደራሲና አንባቢ ያለ አማላጅ የሚገናኙበት ማኅበር አበጀች። ስሙን «ገጽ ለገጽ» አለችው። ሲገቡ ሁለት ቁልፍ ብቻ ይመጣል፤ ከላይ «ደራሲ ነኝ»፣ ከታች «አንባቢ ነኝ»።

ምረቃው በባህል አዳራሹ ተደረገ። ግድግዳው ላይ አንሶላ ተሰቅሎ የተመዝጋቢው ቁጥር እየበራ ይታያል፣ ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ኤምፓናዳ በሳህን ይዞራል። ከንቲባው ንግግር አደረጉና መጨረሻው ላይ እሳቸውም ከወጣትነታቸው ጀምሮ ግጥም እንደሚጽፉ ተናዘዙ። ከዚያ ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። በደራሲ ረድፍ ያለው ቁጥር እንደ ታክሲ ቆጣሪ ይሮጥ ጀመር። ፋርማሲስቱ ገባ። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጯ ገባች። ሁለቱ ፖሊሶች በጋራ አንድ የፍቅር ታሪክ እየጻፉ ኖሮ በአንድ ስም ገቡ። አማቴ ሳይቀሩ ስልካቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው «ደራሲ ነኝ» የሚለውን ሲጫኑ አየኋቸው።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ጽፈው ያውቃሉ?»

«ገና ነኝ። ቦታ ልያዝ ብዬ ነው።»

በአንባቢ ረድፍ ያለችው ዜሮ ግን ንቅንቅ አላለችም። ማርሌኒ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ አንሶላው ሥር ቆማ ዜሮዋን ታያለች።

«አንባቢዎች ዓይን አፋር ናቸው» አለችን። «ሕዝብ ፊት አይመዘገቡም። ነገ ይገባሉ።»

በማግሥቱ ከሰዓት እያስተማርኩ የክፍሉ በር ተበርግዶ ተከፈተ። ማርሌኒ ሱቋን ዘግታ እየሮጠች ነው የመጣችው።

«ገባ» አለችኝ።

«ማን?»

«አንባቢ።»

ተማሪዎቼን ገጽ አሥራ ሁለትን አንብቡ ብዬ ወጣሁ፤ እንደማያነቡት እያወቅሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስንደርስ ዶክተር ኤቬሊዮ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ እማሆይ ብላንካ ከገበያ ቅርጫታቸው ጋር ስክሪኑ ላይ ተደፍተዋል። ስሙ አርሴሲዮ ጋዬጎ ይላል። ላይኛው መንደር የሚኖሩት ባለ በቅሎው ሽማግሌ ናቸው። «ስለራስዎ ጥቂት ይበሉ» በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ጽፈዋል፦

«ዕድሜ አሥራ አንድ። ጠባይ ረጋ ያለ። ጥርስ ሙሉ። ዳገት አይፈራም። ከኋላ መምጣት ክልክል ነው። ቀልደኛ አይምጣ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዶን አርሴሲዮ የገቡት በቅሏቸውን ሊሸጡ ነው። ገበያ ላይ አንድ ሰው፣ ማርሌኒ ዕቃ ያለውና ዕቃ ፈላጊው በኢንተርኔት የሚገናኙበት ነገር ከፍታለች ብሎ ነግሯቸዋል። እሳቸውም ስልካቸውን ከፍተው፣ ደራሲ እንዳልሆኑ ስለሚያውቁ ሌላውን ቁልፍ ተጫኑ። እኛ ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ያን ዕለት ያየነው ቅኔ ነበር።

«ዕድሜ አሥራ አንድ የሚለው በልቤ ገና ልጅ ነኝ ለማለት ነው» አለ ዶክተር ኤቬሊዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥርስ ሙሉ የሚለው ግን ለእኔ የተላከ ነው።»

«ከኋላ መምጣት ክልክል ነው ያለውስ?» አልኩ።

«እሱ ለእኔ ነው» አሉ እማሆይ ብላንካ። «ገዳዩን ለማወቅ ከመጨረሻው ገጽ የሚጀምሩትን ነው የሚነቅፈው። የሰለጠነ ሰው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ላይኛው መንደር የሚወስደው ጠባብ መንገድ ሰው ሰው ሸተተ። የከተማው ደራሲ በሙሉ ወረቀቱን በአንድ እጁ፣ እጅ መንሻውን በሌላ እጁ ይዞ ይወጣል። አንዱ በዘይት የተጠበሰ ቡኙዌሎ፣ አንዱ ሙሉ የፓኔላ ስኳር እሽግ፣ ከንቲባው በሬ የሚያህል የቋሊማ ጥቅል። እኔ አይብ ይዤ ወጣሁ። ዶን አርሴሲዮ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የታመመ ጉልበታቸውን ያሻሉ።

«ይግቡ መምህር። እርስዎም ለዚያ ነገር ነው የመጡት?»

«አዎ ዶን አርሴሲዮ። በ«ገጽ ለገጽ» አይቼዎት ነው።»

«ደግ አደረጉ። ጭነትዎ ብዙ ነው?»

ቦርሳዬን አቀበልኳቸው። በእጃቸው መዘን አደረጉት።

«ይኼማ ምን አላት። መንገዱስ?»

ጥያቄው ሆዴን አባባው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «አልዋሽዎትም፣ መጀመሪያው ዳገት ነው። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደክመዋል።»

«መካከሉስ?»

«መካከሉ ላይ ይቀናል።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅዎታል? ዋናው መካከሉ ነው። መካከሉ ካማረ መጨረሻው በራሱ ይመጣል።»

«ያዩልኛል ታዲያ?»

«አያለሁ እንጂ። እርስዎስ? ወደ ጓሮ ዞር ብለው አያዩም?»

«ሌላ ቀን ዶን አርሴሲዮ። ዛሬ ልቤ ሞልቷል» አልኳቸውና ቁልቁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው።

ለካ ለሁሉም የነገሩት ይህንኑ ነው። በሳምንቱ ከተማው ስለ መካከል እንጂ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ «ያንተ መካከል እንዴት ነው?» ይባባላል። እማሆይ ብላንካ መካከሉ ላይ ሁለተኛ ቄስ ጨመሩና እሱንም ገደሉት። ዶክተር ኤቬሊዮ የታወቀበት ግጥሙ ሁለት ስንኝ ብቻ ስለሆነ መካከል የለውም፤ ሦስተኛ ስንኝ ፍለጋ ሲብሰለሰል የፋርማሲስቱን ጤነኛ ጥርስ ነቀለ። ፋርማሲስቱም ጉዳዩን «ገጽ ለገጽ» ላይ በረጅም ድርሰት አወጣው። ድርሰቱን ያነበበው የለም።

ማርሌኒ ደስታዋን መያዝ አቃታት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «የአንባቢው ቀን» ብላ አዳራሹን አስከፈተች። ዶን አርሴሲዮ ታጥበው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የበዓል ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። በቅሏቸውን ይዘው ነው የመጡት። ጋማዋ በቀይ ሪባን ተጎንጉኗል፣ ኮቴዋ በዘይት ታሽቷል። ለሥነ ሥርዓቱ የመጣች መጓጓዣ መሰለችን እንጂ ማንም ልብ አላላትም። ደጁ ላይ አሠሯትና መድረኩ ላይ ወጥተው ለእሳቸው ብቻ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እኛ ደራሲዎቹ ከታች ሆነን፣ ወንበሩ ስላልበቃን ግማሾቻችን ቆመን፣ አፍ አፋቸውን እናያለን።

«ዶን አርሴሲዮ» አለች ማርሌኒ በማይክሮፎን፣ «ሁሉም ሰው በጉጉት ነው የሚጠብቅዎት። እስቲ ያለ ይሉኝታ ይንገሩን፣ ማንን መረጡ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሁላችሁም ጨዋ ሰዎች ናችሁ። ቤቴን በምግብ ሞላችሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እሷ ከማን ጋር እንደምትስማማ መገመት ከብዶኛል።»

«እሷ ማን ናት?»

«ሴናዶራ ናታ።»

አዳራሹ ውስጥ የወረቀት መገለጥ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም የራሱን ገጸ ባሕርያት ይቆጥራል።

«እኔ ጋ በዚህ ስም የሞተ የለም» አሉ እማሆይ ብላንካ።

«የእኔ ናት» አለ ዶክተር ኤቬሊዮ ብድግ ብሎ። «በስም አልጠራኋትም እንጂ በሁለተኛው ስንኝ ላይ ጥላዋ አለ።»

«ጥላዋ አይደለም ዶክተር፣ ራሷ ደጅ ቆማለች» አሉ ዶን አርሴሲዮ። «ከኋላ ብቻ አይጠጓት።»

ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን። ሴናዶራ አንገቷን አስግጋ የባህል አዳራሹን የማስታወቂያ ሰሌዳ ታኝካለች።

ነገሩ ቀስ እያለ ገባን። ከዚያ እማሆይ ብላንካ፣ «እና የእኔን ልቦለድ አላነበቡትም?» አሉ።

«እማሆይ፣ አንብብልኝ ያለኝ ሰው እኮ የለም። ሁላችሁም እይልኝ ነው ያላችሁኝ። አየሁት። እንዳይረጥብባችሁ ብዬም ኮርቻው ሥር በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ።»

«በቅሎዋን ሳናያት ስንመለስ ግን አልገረመዎትም?» አልኩ እኔ።

«የጓጓ ገዢ ዓይኑን ይሰብራል፤ ዋጋ ሊያስወርዱ ነው ብዬ ነዋ።»

ማርሌኒ ማይክሮፎኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ፊቷ ቀልቷል። ልታለቅስ ነው ስል፣ ለከተማው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ለመሆኑ ከእናንተ ውስጥ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ያነበበ አለ? አንድ ገጽ?» አለች።

ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «የራሳችንን ምዕራፍ እንኳ አልተነባበብንም» አለ አንደኛው።

አማቴ ግን በበሩ በኩል ሴናዶራን እያዩ፣ «ለምንድን ነው የሚሸጧት ይቺን የመሰለች?» ብለው ጠየቁ።

ዶን አርሴሲዮ መናገር ጀመሩ። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ልጃቸው ሞተር ሳይክል ገዛችላቸው። ሴናዶራ ከዚያ ቀን ወዲህ ኩርፊያ ላይ ናት። ሞተሩ ሲነሳ በሩ ላይ በጎን ትቆማለች። አንድ ቀን ግን አምልጠዋት ወደ ከተማ ወረዱ፤ አጥር ሰብራ ተከተለቻቸው፣ መሐል ላይ ባለችው ዳገት ሞተሩ ሲያቃስት ቀደመቻቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ሲደርሱም ለራሷ ጉዳይ እንደመጣች ሁሉ ሌላ ወገን እያየች ቆማ አገኟት።

«ከዚያስ?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ስመለስ ነዳጅ አለቀብኝ። ሞተሩን በገመድ አሰርኩላት፣ ጎተተችው።»

«እርስዎስ?»

«እኔም ሞተሩ ላይ ነበርኩ። ቤት እስክንደርስ አንዴም ዞር ብላ አላየችኝም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እማሆይ ብላንካ ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ታርቃችኋል አሁን?» አሉ። ከንቲባው አጥሩ በስንተኛው እርግጫ እንደተሰበረ ጠየቁ። ሁሉም ጠያቂ ሆነ። ዶን አርሴሲዮም በመልሱ መሐል፣ «ሽጣት የምትለው እኮ ልጄ ናት፤ እኔማ ምን በወጣኝ» ሲሉ ራሳቸውን ሰሙት መሰለኝ፣ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። በዚያው ቀን የተሸጠው ሞተሩ ነው፤ የገዛው ዶክተር ኤቬሊዮ ነው፤ ለምን እንደሆነ ሚስቱም አልገባትም።

ማርሌኒ ሁሉንም ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ሰኞ ጠዋት «ገጽ ለገጽ»ን ስንከፍት ሁለቱ ቁልፎች የሉም። በቦታቸው አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ የሌላ ሰው ጽሑፍ አንብቦ አንድ የምር ጥያቄ ያልጠየቀ የራሱን አያወጣም። ከተማው ተቆጣ። ከንቲባው ክብሬ ተነካ ብለው ወጡ፣ ብዙዎችም ተከተሏቸው። የቀረነው አንድ አውቶቡስ የማንሞላ ነን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለእኔ መጣ፣ ከእማሆይ ብላንካ። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚደርሱት?» ይላል። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን መቶ ገጽ ቆርጬ ጣልኩ። ከዚያ በቀሌን ልወጣ ብዬ የእሳቸውን ልቦለድ ጀመርኩ፣ ራት ሳልበላ ጨረስኩት። ሁለተኛውን ቄስ ማን እንደገደለው እስካሁን አንስማማም፤ እሳቸው ናቸው የጻፉት፣ ግን ተሳስተዋል።

አሁን ከሌሎች ከተሞችም ሰው እየገባ ነው። ባለፈው ሳምንት የተማሪዎቼን ፈተና ላባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ማርሌኒ አንድ እጇ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። ጥቅሉን ሳላየው ተቀብያት ሄድኩ። ክፍል ገብቼ ሳድለው ለካ የአንድ ሰው የላም ክትባት ካርድ ነው፣ ሠላሳ ቅጂ። ተማሪዎቼ ያለ ቅሬታ መሙላት ጀምረው ነበር። ሰብስቤ ተመለስኩ።

«ማርሌኒ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ቀና አላለችም። «ቆይ፣ ሊያገባት ነው።»

«ማን ማንን?»

«ልጨርስበት ጊልዳርዶ። ወይ ተቀመጥና አብረን እናንብብ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።