የምሕረቱ ወንበር

ሀቢሶ ባለ ሰባት ወንበሩን መኪና የገዛ ጊዜ የቮስሎሩስ ሰፈር ደንበኞቹ «ታክሲ ልትጀምር ነው እንዴ?» እያሉ አሾፉበት። አንድ ሚስትና አንዲት ልጅ ላለው፣ ቀኑን ሙሉ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቁ ውስጥ ተቀርቅሮ ለሚውል ሰው ይሄ ሁሉ ወንበር ምን ያደርግለታል? መኪናዋን አብሮት የመረጠው ደርባን የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ምሕረቱ ነው። ከኋላ መሀለኛውን ወንበር መታ መታ አድርጎ «ይቺ የኔ ናት» አለ። ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ በሄዱ ቁጥር ከዚያች ወንበር ንቅንቅ አይልም፤ ቀበቶ ማሰር ደግሞ ሞቱ ነው። መኪናዋ «ቀበቶ እሰር» ብላ ደወሏን ስታስጮህ ይስቃል።

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ የፈረንጅ ገና ሰሞን፣ ምሕረቱ ደርባን ሞተ። የደርባኑ የአገር ልጆች ማኅበር ሽማግሌ የደወሉት ለሀቢሶ ሳይሆን ለሚስቱ ለኤርጎጌ ነው።

«መርዶውን እዚህ ሲደርስ እንነግረዋለን። ሌላ ሹፌር እንዳንልክ በሽታው አለ፤ እሱው ይንዳ። ብቻ መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ አደራ።»

ምን ብላ ታስነሳው? «ምሕረቱን ትንሽ አሞታል» አይባል ነገር፣ የኛ ሰው ይቺን ሲሰማ ያኔውኑ ለቅሶ ይጀምራል። ጨነቃትና «ደርባን ወርጄ ባህር ማየት አማረኝ» አለችው። በገበያ ሰሞን ሱቅ ዝጋ ሲሉት የሚያብደው ሀቢሶ ለአፍታ አያትና «ደግ» ብሎ ቁልፉን አነሳ።

ትልቁ መንገድ ላይ እንደገቡ የቀበቶው ደወል ጮኸ። ኤርጎጌ ዞር አለች። መሀለኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ዕቃ እንኳ የለበትም።

«እማዬ፣ አንክል ምሕረቱ ዛሬም ቀበቶ አላሰረም» አለች ልጃቸው ፅናት፣ አሻንጉሊቷን እያለበሰች።

ኤርጎጌ ክው አለች። በገዛ መኪናዋ ውስጥ ጭምብል ያደረገችው ፊቷ እንዳያሳብቅባት ነበር፤ አሁን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ደወሉ አላቆም አለ። ሀቢሶ ነዳጅ ማደያ ገብቶ ቆመ። ወርዶ የኋላውን በር ከፈተና ቀበቶውን በባዶው ወንበር ላይ ስቦ ቆለፈው። ደወሉ ዝም አለ። እጁን ወንበሩ ላይ እንዳሳረፈ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ በኤርጎጌ በኩል መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ባህር ዳርቻው በኮሮና መዘጋቱን ትናንት በሬዲዮ ሰምቻለሁ» አላት፣ ልጅቷ እንዳትሰማ በሹክሹክታ።

ባህርም እንደ ሱቅ እንደሚዘጋ ምስኪን ከየት ትወቀው!

«አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?» አለች።

«በገበያ ሰሞን ለተዘጋ ባህር ስታስነሺኝ ያኔውኑ ገባኝ። አወቀ ብትሉ ቁልፉን ትቀሙኛላችሁ። ወንድሜ ጋ ራሴ ነድቼ ልድረስ ብዬ ነው።» በሩን ከፈተላት። «አንቺ ውረጂና ወደዚያ ዞር ብለሽ አልቅሺ፤ እጠብቅሻለሁ። እኔ ስደርስ አለቅሳለሁ።»