በዋዜማው የተነቀለ ሽፋሽፍት

በዘር መጋዘኑ ከሚሠሩት ለቃሚዎች ሁሉ እንደ እሷ ግትር አልነበረም። እምቢ ካለች አለች ነው፤ በሬ ቢጎትታት አትነቃነቅም። ጠጠሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከዘሩ እየለየች ሃያ ዓመት ሠርታለች፤ የምትኖረው በዐይኗ ነው። ታዲያ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የዐይኗ ቆብ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ፣ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋት ጀመር። ባርገበገበች ቁጥር አሸዋ የበተኑባት ይመስላታል።

መድኃኒቷ ባሏ ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። በየስምንት ቀኑ ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ የሚወጋትን ጸጉር በወረንጦ አንድ በአንድ ይነቅልላታል።

«እጄ እኮ ሐር ነው» ይላል።

«ሐር እንዲህ የሚቆነጥጥ ከሆነ እኔ ጆንያ ልልበስ» ትለዋለች። ግን እሱ ባይኖር ሥራዋን ድሮ ትታው ነበር፤ ይህንንም ታውቃለች።

አንድ ቀን ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ መጣች። የዐይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ፣ የግራው ብሌን ላይ ነጭ ጀምሯል። ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል፣ ያውም ሾሎ። ቆቡ በቀዶ ሕክምና ካልተቃና ብርሃንዎ ይሄዳል። የዐይን ሐኪሞች ከወር በኋላ ለሦስት ቀን እዚህ ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ካመለጡዎት የሚመለሱት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ያ ዐይን ደግሞ ሁለት ዓመት አይጠብቅም።»

ካርድ ጻፈችላት። ክፍያ እንደሌለው፣ ከሩቅ ለሚመጣና አስታማሚ ለሌለው ማደሪያ እንደተዘጋጀም ነገረቻት።

ሐኪሞቹ ሊመጡ በዋዜማው ባሏ ወረንጦውን ይዞ ብቅ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገ እኮ ሐኪም ዘንድ ነው የምሄደው።»

«ለዚሁ ነዋ! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባሽን እያዘራሽ ልትቆሚ ነው? ዘበኛው ትምህርት ቤት እንጂ ሚስቱን አይጠብቅም እንዲሉኝ?»

ዕድሜዋን ሙሉ እምቢ ስትል የኖረች ሴት ያን ዕለት እሺ አለች። እሱም አንዲት ሳያስቀር ነቀለላት። ሊያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይሄ ነው።

በነጋታው ትምህርት ቤቱ ሆስፒታል መስሎ ጠበቃት። ዴስኮቹ ሜዳ ላይ ተደርድረዋል፤ ከሰሌዳው ላይ የልጆቹ ድምር እንኳ አልጠፋም። በረንዳው ላይ አንድ ወጣት መርማሪ ትንሽ ባትሪ ይዞ ሰልፉን ይቀበላል።

«እናቴ፣ ቀና ይበሉ። አሁን ወደ ታች ይዩ።» አበራ፤ ደግሞ አበራ። «የሚወጋ ጸጉር የለም እኮ። ደህና ነዎት። ቀጣይ!»

«ልጄ፣ ትናንት ባሌ ነቅሎት ነው።»

«እንግዲያው ሲበቅል ይምጡ።»

«ሲበቅል እናንተ የት ናችሁ?»

መርማሪው ሰልፉን አየ። ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ሰልፉም አላለቀም። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ ወደ ቢላ ልሰድዎት አልችልም» አለ። እውነቱን ነው።

እሷም የክፍሉ በር ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀመጠች። «አልነሣም።»

«እትዬ፣ መንገድ ዘጉብን!» አለ አንዱ ከሰልፉ።

«አንተ ዐይንህ ካየ ዞረህ ግባ!» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። የቀኝ ዐይኗን በመዳፏ ሸፍና ግቢውን በግራው አየችው። ዛፉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። ዛሬ እንዲህ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላስ?

ባሏ ከግቢው በር ዱላውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው! እኔ ነኝ የነቀልኩት። እሷን አትመልሷት፣ እኔን እሰሩኝ!»

«ወይ ጉድ! ጸጉር ነቀለ ተብሎ ማን ይታሰራል» አለች ከተቀመጠችበት።

ጫጫታውን የሰማች አንዲት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማጉያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች ወጣች። ነገሩን ሰማች፤ ለቃሚዋን ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ ቆቡን ገልብጣ ብዙ አየችና መርማሪውን ጠራችው።

«ጸጉሩን አትፈልግ፣ የቆቡን ጠርዝ እይ። ወደ ውስጥ ዞሯል። ጉቶው ይኸው፣ እንደታጨደ ማሳ። ብሌኑን የጫረውም ይኸው።» ወደ ዘበኛው ዞረች። «አባቴ፣ እንዲህ የጸዳ ነቀላ አይቼ አላውቅም። እኛንም አሳሳቱን። በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሥራ ተሰናብተዋል።»

ከዚያ ሰልፉን ጠየቀች፦ «ሐኪም ዘንድ ልቀርብ ነው ብሎ ያስነቀለ ሌላ ማን አለ?»

አንድ እጅ ተነሣ፤ ሌላም፤ ስድስት ሆኑ። ሁሉም አፍረዋል። መርማሪው ግንባሩን መታ። «እንዲህ ያሉ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ቤት መልሻለሁ!» አለና ጋዎኑን እያውለበለበ በበሩ ወጣ። ዘበኛው በጓሮ በኩል በረረ። ከቀትር በፊት ሁለቱም አንዳንድ ሰው ይዘው ተመለሱ።

ለቃሚዋም ወደ ቀዶ ሕክምናው ገባች። የማደንዘዣው መርፌ አቃጠላት፤ ከዚያ ወዲያ ሲስቧት ይሰማታል እንጂ ሕመም የለም። በማግስቱ ፋሻው ተፈታ። ዐይኗን ገለጠች። ጨፈነች። ትከሻዋን ሰብስባ ውጋቱን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ደግማ ጨፈነች።

«ምነው፣ አመመዎት?» አለች ነርሷ።

«ዝም አለኝ» አለች። «ሦስት ዓመት ሲጮኽብኝ ኖሮ ዛሬ ዝም አለኝ!»

ነጩ እንደማይጠፋ፣ ግን እንደማይሰፋ ነገሯት። «ይበቃኛል፤ ስንቱን አይቼበታለሁ፣ ስንቱንም አይበታለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ዕቃው ተጭኖ መኪናው ሊነሣ ሲል መጣች። የሐኪሟን እጅ ሳመች፤ የሐኪሞቹን መሣሪያ እየቀቀለች የምታጸዳውን ሴት አቀፈች። የጤና ሠራተኛዋንማ ሁለት ጊዜ። «አንቺ ደጄን ባታንኳኪ እኔ ከመጋዘን መች እወጣ ነበር!» መርማሪው ከመኪናው ኋላ ተሸሸገ።

«አንተ፣ ና ወዲህ!»

«እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን በደልከኝ? ያላየኸውን አየሁ አላልክ። ስትሳሳት ደግሞ ሮጠህ ሰው የመለስክ ልጅ ነህ። ዐይንህን ያብራልህ።» ግንባሩን ሳመችው።

ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። «እማማ፣ መሸብን!»

እሷም ዞራ በሾፌሩ በኩል ያለውን መስኮት ያዘች። «ቆይ እንጂ» አለች፣ «አንተን ገና አላመሰገንኩም።»