መልሱ በየት በኩል ይግባ

ስክሪኑ እንደገና ድርቅ አለ። ጋሽ ተክለወልድ ማውሱን ግራ ቀኝ ጎተቱት፣ ቁልፎቹን ደበደቡ። ወይ ፍንክች!

"ደግሞ ምን አባቱ ሆነ?" አሉ ለራሳቸው።

ቀትር ነው። ጫቱ ከድንበር ገብቶ የጅቡቲ ከተማ ሰው ወደየቤቱ ተበትኗል፤ የወደብ ዕቃ የሚያስተላልፈው የትራንዚት ቢሮ ሰዎችም ቢሮውን ለጋሽ ተክለወልድና ለሚያቃስተው ኤሲ ትተው ሄደዋል። እሳቸው ጫት አይቅሙም። ቤት ቢሄዱም የሚጠብቃቸው የለም። ሚስታቸው ካረፈች ቆየች፤ ናዝሬት የምትባለው አንዲት ልጃቸው ደግሞ ተቀይማቸው አዲስ አበባ ከገባች ወራት አለፉ።

ቅያሜው የመጣው እዚሁ ስክሪን ላይ በተዘረጋው ነገር ነው። ጋሽ ተክለወልድ ጅቡቲ የተወለዱ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ኮቦል በሚባለው የድሮ የፕሮግራም ቋንቋ ጥርሳቸውን ነቅለዋል። ደንበኛ ደውሎ "ኮንቴይነሬ የት ደረሰ?" ሲል ቢሮው ዛሬም ነገሩን የሚያየው እሳቸው በጻፉት ፕሮግራም ነው። ናዝሬት ደግሞ ደንበኛው ሳይደውል በገዛ ስልኩ የሚያይበትን ገጽ ጃቫስክሪፕት በሚባለው አዲስ ቋንቋ ሠራች። ደስ ብሏት ልታሳያቸው ስትመጣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ይሄማ የልጆች መጫወቻ ነው" አሏት፤ ያውም ሰው ፊት። ልጅቷ ሻንጣዋን ሸክፋ ሄደች።

ሰሞኑን የቢሮው ባለቤት ሳቢት ገጹ ከመርከብ የወረደውን ብቻ ሳይሆን በከባድ መኪና ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ የሄደውንም ዕቃ እንዲያሳይ ፈለገ። የሚሠራው ሰው ከጠፋ ግን ገጹን ጥሎ ሌላ እንደሚያሠራ ነገራቸው። ለጋሽ ተክለወልድ ከልጃቸው እጅ የቀራቸው ይኸው ገጽ ነው፤ እሱም ሊጣል ነው። "ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ" አሉ፣ ቋንቋውን አንዲት መስመር ሳያውቁት።

ይኸው በየቀትሩ ናዝሬት የጻፈችውን እያነበቡ ይማራሉ። እውነቱን ለመናገር አሠራሯ አስደንቋቸዋል። ቋንቋው ሌላ ነው እንጂ መስመሮቹን የምትደረድርበት አኳኋን የራሳቸው ነው፤ ልጅ ሳለች ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ስታይ የለመደችው። አንዳንዴ ሥራውን ትተው እሱን ብቻ ሲያዩ ይቆያሉ።

በሩ ተከፈተና ሙኒራ ገባች፤ ቻርጀሯን ረስታ ነው የተመለሰችው። ሙኒራ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ከናዝሬት ጋር እዚሁ ቢሮ የሠራች፣ የልብ ጓደኛዋ።

"ጋሼ፣ ዛሬም አልሄዱም?"

"ነይ እስቲ ይሄን ጉድ እዪልኝ። ገጹ ስለተጫነው ዕቃ የእኔን ፕሮግራም ይጠይቃል። ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ባዶ ሰንጠረዥ አውጥቶ ወደፊት ይነጉዳል። በእኛ ጊዜ መስመር ከበላዩ ያለውን መስመር ይጠብቅ ነበር። እኔም በግድ እንዲጠብቅ አደረግኩት።"

ሙኒራ ጎንበስ ብላ አነበበችና ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ጋሽ ተክለወልድ ከጥያቄው ሥር፣ መልሱ እስኪደርስ ድረስ "መጣ? መጣ? መጣ?" እያለ የሚመላለስ ትእዛዝ አስገብተዋል።

"ጋሼ፣ ይሄ ገጽ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሠራው" አለች። "መልሱ እኮ መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ገጹ ግን 'መጣ ወይ' እያለ በመጠየቅ ተጠምዷል። ታዲያ መልሱ በየት በኩል ይግባ?"

"እና ምን ላድርግ?"

"መልሱ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ይንገሩትና ይተውት። ናዝሬትም ሁሉም ቦታ እንደዚያ ነው የጻፈችው።"

"ባይመጣስ?"

ሙኒራ ቀና ብላ አየቻቸው። የጠየቁት ስለ ገጹ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"በየጠዋቱ 'ለምን ዘጋሽኝ' እያሉ ይጽፉላታል አሉ።"

"ነገረችሽ?"

"ነግራኛለች። 'አባዬ ይጠይቀኛል እንጂ መናገሪያ ጊዜ አይሰጠኝም' ትላለች።"

ጋሽ ተክለወልድ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ጨርሰውም መልሰው አላደረጉትም።

"ልጄ ናፍቃኛለች፣ ሙኒራ።"

"እርስዎም ናፍቀዋታል" አለች ሙኒራ ቀስ ብላ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ተክለወልድ "መጣ? መጣ?" የሚለውን ነገር ከሥሩ ነቀሉት። ሙኒራ እያሳየቻቸው፣ ሁለቴ ተሳስተው፣ መልሱ ሲመጣ ሰንጠረዡን ሙላ የሚል ትእዛዝ ጻፉ። ገጹ ተከፈተ። መጀመሪያ ባዶ ነበር፤ እሳቸው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰንጠረዡ ሞላ። ወደ ሞጆ የሄደው ጎማ፣ ወደ ድሬዳዋ የሄደው የምግብ ዘይት፣ ሁሉም በየቦታው ቁጭ አለ። "ወይ ልጄ!" አሉ ጋሽ ተክለወልድ። ሙኒራ እየሳቀች ቻርጀሯን ይዛ ወጣች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ስልካቸውን አወጡ። ጣታቸው ለምዶበት "ለምን ዝም" ብሎ ጀምሮ ነበር። አጠፉት። ጥቂት አሰቡና እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ከሠራሽው ገጽ ተማርኩ። መጫወቻ ያልኩት ሳይገባኝ ነው፣ ይቅር በዪኝ። ሲመችሽ ደውዪ።"

ላኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልእክቱ መነበቡን እስኪያዩ ስልኩ ላይ አፍጥጠው ይቀሩ ነበር። አሁን የጥሪውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረጉና ስልኩን ኪሳቸው ከተው፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ዳቦ ሊገዙ ወጡ።