ስም ያልተጠራበት ጸሎት

ማቴዎስ መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣ አይመስልም ነበር። ከጥቅሉ የተዘረጋውን ወይን ጠጅ ጨርቅ በሁለት ጣቱ ይዞ ያሻሻል፤ ዋጋ ግን አይጠይቅም። ወንጌላዊት የስፌት መኪናዋን አቁማ ትጠብቀዋለች። ፒያሳ ላይ መጋረጃ መስፋት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ሊገዛ ጨርቅ የሚዳብስን እጅ፣ ለመናገር ድፍረት እስኪያገኝ ከሚዳብስ እጅ ለይታ ታውቃለች።

«እህቴ ወንጌላዊት» አለ በመጨረሻ። «ሜሮን ጓደኛሽ ናት አይደል? መናኸሪያው ፊት ለፊት ጫማ የምትሸጠው?»

«ናት። ምነው?»

«የልጇ አባት ማን እንደሆነ ነግራሻለች?»

አልነገረቻትም። «ባለትዳር ነው፣ ትልቅ ቦታ ላይ ነው፣ ስሙን ግን አትጠይቂኝ» ነበር ያለቻት፤ ወንጌላዊትም ጠይቃት አታውቅም። ሜሮን ስታምጥ ሆስፒታል ደጅ ያደረችው እሷ ናት። ያን ሌሊት እንኳ አልጠየቀችም።

«ዓለማየሁ ነው» አለ ማቴዎስ። «አለቃዬ።»

እስከ ትናንት «እሳቸው» እያለ ቦርሳቸውን ይይዝላቸው የነበሩትን ሰው ዛሬ ባዶ ስማቸውን ጠራው። የአቶ ዓለማየሁ ፎቶ ከመንገዱ ማዶ ካለው ካፌ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ምርጫው ሳምንት ቢቀረው ነው፣ ከተማው በሙሉ በዕጩዎች ፊት ተሸፍኗል። ወንጌላዊት ግን ፎቶውን አላየችም። ያየችው ኢያኤልን ነው። ኢያኤል የአቶ ዓለማየሁ ሚስት ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ በእህቶች ጸሎት ከወንጌላዊት ጎን ትንበረከካለች።

«ከማን ሰማህ?» አለችው።

«ከብሌን።» ብሌን ሚስቱ ናት፤ እሷም የሐሙሱ ኅብረት አባል። «አንቺው ራስሽ ያቀረብሽው ርዕስ ነው እኮ።»

የሐሙስ ጸሎት የራሱ ደንብ አለው። ከመንበርከክ በፊት እያንዳንዷ እህት የልቧን ሸክም ታቀርባለች፤ ይህም የጸሎት ርዕስ ይባላል። ስም መጥራት ነውር ነው። ስም አይጠራም እንጂ ሰፈር ይጠራል፣ ሥራ ይጠራል፣ የልጆች ቁጥር ይጠራል፣ ነገሩ ከጠነከረም የመኪናው ቀለም አይቀርም። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃታለህ» ይላሉ። ጌታ ያውቃታል፤ እነሱም አሁን አውቀዋታል። ሐሜት ነው ብትሏቸው አንዳቸውም አይቀበሉም፤ እውነት ለመናገር ሐሜት ብቻም አይደለም። የሚፈሰው እንባ የውሸት አይደለም፣ ለታመመ የሚዋጣው ገንዘብም እንደዚያው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሜን ተብሎ ቢዘጋም ቃሉ ቤቱ አያድርም።

በዚያ ሐሙስ ወንጌላዊት ከብዷት ነበር። ሜሮን ከአንድ ቀን በፊት ስታለቅስ አምሽታለች፤ ልጇ ሮሆቦት ከትምህርት ቤት ተመልሳ «የእኔ አባት ስም ለምን የአያቴ ስም ሆነ?» ብላ ጠይቃት መልስ አጥታ። ስለዚህ ወንጌላዊት ተነስታ እንዲህ አለች፤ «አንዲት እህት አለች፣ መናኸሪያ አካባቢ በንግድ ትተዳደራለች። ከባለትዳር ወንድም የወለደቻት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሰውየው ባለሥልጣን ስለሆነ ዝም በይ ይላታል። ስሟን ጌታ ያውቀዋል።»

ሁሉም ጸልየው ሲነሱ ኢያኤል አልተነሳችም። ግንባሯን ወንበሩ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንጌላዊት ጀርባዋን እየዳበሰች «የሰው ሸክም የምትሸከም ሴት» ብላ በልቧ አደነቀቻት። አሁን ያ እጇ አቃጠላት።

«ልጅቷን ሄጄ አየኋት» ማቴዎስ ቀጥሏል። «ምስክር አያስፈልጋትም፣ አፍንጫዋ ይናገራል። ግን በአፍንጫ ዜና አይሠራም። የእናትየው ድምፅ ያስፈልገናል። ሁለት ደቂቃ ትናገር፤ ማታ የሚለቅልን ሰው አለ። አንቺ ብትነግሪያት እሺ ትልሻለች።»

«ለምን ዛሬ? ልጅቷ እኮ ስድስት ዓመቷ ነው።»

«እውነት ቀን አትመርጥም፣ እህቴ።»

ይህችኛዋ ግን መርጣለች፣ አለች ወንጌላዊት በሆዷ። ጮክ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች፤ «እሳቸው ከዕጩነት ቢነሱ ማን ይተካቸዋል?»

ማቴዎስ ጨርቁን ለቀቀው። «እሱን ድርጅቱ ያውቃል» አለና ወዲያው ድምፁን አለሰለሰ። «ደግሞ ለልጅቷም አስቢ። አባቷ በአደባባይ ይታወቃል። ስም ታገኛለች። ይኼ ክፉ ነው?»

ከሁሉም ያስቸገራት ይኼ የመጨረሻው ነው። ክፉ አልነበረም። ሰው መጥፎ ሐሳቡን በደህና ነገር ጠቅልሎ ሲያመጣው፣ መጠቅለያውን ይዘህ ውስጡን ጣል ማለት ቀላል አይደለም። «አነጋግራታለሁ» አለችው፣ እንዲሄድላት።

ሱቋን ዘግታ ባጃጅ ያዘች። ከሐይቁ በኩል ደመና እየከበደ ነበር። የቅስቀሳ መኪና ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ አለፋቸው፤ የባጃጁ ሾፌር «ጆሯችን እስኪደነቁር መረጥን እኮ» ብሎ ብቻውን ሳቀ። ወንጌላዊት አልሳቀችም። አቶ ዓለማየሁ ጻድቅ ናቸው ብላ አታውቅም። ሐይቁ ዳር ለሕዝብ መናፈሻ ተብሎ ታጥሮ የነበረው ቦታ እንዴት የግለሰቦች እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያንሾካሹካል። ግን ስለዚያ ቦታ ማንም ማታ የሚለቅለት ሰው አይፈልግም፤ ያ ጉዳይ ከተነሳ ማቴዎስም አብሮ ይነሳልና። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ! ዳውላዋ ሜሮን ናት፤ እሷ ላይ ደግሞ ልጅ ተጭናለች። ይህን ስታስብ ተናደደች። ከንዴቱ ሥር ግን የራሷ ጥፋት ተቀምጦ ነበር፣ እሱ አልነቃነቅ አላት።

ሜሮን የጫማ ካርቶን እየደረደረች ነው። ሮሆቦት ከደጁ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ የአንድ ጫማ ማሰሪያ ታስገባለች፣ መልሳ ትፈታለች። ወንጌላዊት ልጅቷን ሳመቻትና ወደ ውስጥ ገብታ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ሐሙስ ያለችውን፣ ብሌን የሰማችውን፣ ማቴዎስ የጠየቀውን። ስታበቃ «ለጸሎት ብዬ ነው» አለች፤ ቃሉ ለራሷ ጆሮ እንኳ ደረቀባት።

ሜሮን የያዘችውን ካርቶን በቀስታ ቦታው አደረገች።

«ለጌታ መንገር ብፈልግ እኔ ራሴ እነግረው አልነበር?» አለች። «እኔ የነገርኩት ለአንቺ ነው።»

ወንጌላዊት አለቀሰች። ሜሮን አላጽናናቻትም፣ አልተቆጣቻትምም። እየተመላለሰች ካርቶኖቹን አስተካከለች፤ የተስተካከሉትንም እንደገና አስተካከለች። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የሰውየውን ስም ለእናቷ አልተናገረችም። በእርግጥ ስለ እሱ አይደለም፤ ልጇ መንገድ ላይ በጣት እንዳትታይ ነው። አሁን ከተማው በሙሉ ጣቱን እያዘጋጀ ነበር።

«ደውይለት» አለች በድንገት። «ስልኩን ለእኔ ስጪኝ።»

ማቴዎስ ገና ሳይጠራ አነሳው።

«ወንድም ማቴዎስ፣ ሜሮን ነኝ። ድምፄን ትፈልጋለህ አሉኝ። እሰጥሃለሁ። ስሙንም፣ ዘመኑንም፣ ያለኝን ሁሉ፣ በአደባባይ ቆሜ እናገራለሁ።»

«ጌታ ይባርክሽ! አሁኑኑ...»

«ከምርጫው ማግስት ና።»

 ከወዲያ ማዶ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ።

«ያኔ ምን ያደርግልኛል?» አለ ማቴዎስ።

 ያመለጠውን ቃል ራሱም ሳይሰማው አልቀረም፣ ድምፁ ተቀየረ። «ያለ አንቺም ይወጣል። ፎቶ አለን። የሚጎዳው የራስሽ ነገር ነው» ብሎ ዘጋው።

 ፎቶ ሲል የማን ፎቶ እንደሆነ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። ሜሮን ወደ ደጁ ሄዳ ሮሆቦትን በርጩማዋን አስይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«እማ፣ እሷ ትመጣለች እኮ» አለች ሮሆቦት፣ እየተጎተተች። «እዚህ ካልሆንኩ አታየኝም።»

«ማናት?» ጠየቀች ወንጌላዊት።

«አንዲት ሴትዮ ናቸው» አለች ሜሮን፣ በደከመ ድምፅ። «ሰሞኑን ይመላለሳሉ። መጀመሪያ ጫማ ሊገዙ መጥተው ስሟን ጠየቋት፣ ከዚያ ቁጭ ብለው አወሩ። አሁን በሲዳሙ አፎ መቁጠር እያስተማሯት ነው። እኔ ቋንቋውን አልችል፣ ከልጄ አንደበት ሲወጣ ደስ ይለኛል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም፣ እንደ እናት ናቸው።»

ሲዳሙ አፎ የአቶ ዓለማየሁ ቋንቋ ነው። ወንጌላዊት ይህን አሰበች፤ ሐሳቡ ግን ገና መልክ ሳይይዝ የበሩ ብርሃን ጠቆረ።

ኢያኤል ነበረች። ጃንጥላዋን ደጁ ላይ እያራገፈች፣ በሌላው እጇ ስልኳን ጨብጣ ገባች። ዝናቡ ጀምሯል፤ ፀጉሯን የሸፈነችበት ሻሽ ዳሩ ርሷል። የቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ ስሟን ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው ያወጡላት፣ ድንኳኗ የገባውን የጦር አለቃ ከገደለችው ሴት። በኅብረቱ ግን ድምፅዋ ከሁሉም የሚለሰልሰው እሷ ናት፤ ሴቶቹም በዚህ ይቀልዱባት ነበር። ሮሆቦት ከእናቷ እጅ አምልጣ ወገቧ ላይ ተጠመጠመች።

ኢያኤል ወንጌላዊትን አየቻት። አልደነገጠችም። ልጅቷን በአንድ እጇ እንዳቀፈች ወንጌላዊትን ተመለከተቻት፤ ወንጌላዊትም በዚያ አስተያየት ውስጥ ልመና ይሁን ወቀሳ መለየት አቃታት። ሴትየዋ ከሐሙስ ጀምራ ሁሉንም ታውቃለች። ባሏን መጋፈጥ ትታ ወደዚህ ስትመላለስ ነበር። ለልጅቷ የአባቷን ቋንቋ አንድ አንድ ቃል እያለች ስታቀብላት፣ የራሷን ስም ለማንም ሳትናገር።

ወንጌላዊት አንድ ቃል ብትናገር ሜሮን የሴትየዋን ማንነት ታውቃለች። ባትናገር ደግሞ ማታ ነገሩ ሲለቀቅ፣ ከተማው ሁሉ ሲያወራ፣ ሜሮን ከሌላ ሰው አፍ ትሰማዋለች፤ ያኔ እንደ እናት ያየቻት ሴትም የተላከች ትመስላታለች። ለመናገርም ለዝምታም ጊዜ አለው ይባላል፤ የቱ የአሁኑ እንደሆነ የሚነግራት ግን አልነበረም። ወንጌላዊት አፏን ከፈተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ከመናገሯ በፊት ፈራችው፣ መልሳም ዘጋችው።

ሜሮን ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ኢያኤል ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«አዎ» አለች። «ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንጸልያለን።»

ሐሙስ ስትል ሜሮን ገባት፤ ተንደርድራ ልጇን ከኢያኤል ወገብ አላቅቃ ወደ ራሷ ሳበቻት፣ አጥብቃም ያዘቻት። ኢያኤል አልተንቀሳቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ባዶ የቀረው ክንዷ ልጅቷን እንዳቀፈ ታጥፎ ነበር። ሜሮን ያን ክንድ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ልጅቷን ለቀቀቻት።